ከባድ መኪና በክብደቱና በሄደበት ልክ ይክፈል

ድሮ በአገር ቤት ሲራራ ነጋዴ ኬላ ሲደርስ ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም ነበር። አባቶችና እናቶች ይህን ከወላጆቻቸው ሰምተው ያውቁታል። ዛሬ በእስራኤል ክቪሽ ሼሽ ላይ ኬላው አይታይም። ካሜራ ታርጋውን ያነባል፣ ሂሳቡም በፖስታ ቤት ድረስ ይመጣል። ጥያቄው ግን ያው የድሮው ነው፤ ማን ይክፈል? በምን መለኪያ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ክቪሽ ሼሽ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ሕግ የተሠራ የክፍያ መንገድ ሲሆን፣ ከ2002 ጀምሮ ክፍል በክፍል ተከፍቷል። ለክፍያ ሲባል ተሽከርካሪዎች በሦስት ይመደባሉ፦ ሞተር ሳይክል፣ እስከ 4 ቶን ያለ መኪና፣ ከ4 ቶን በላይ ያለ መኪና። እንግዲህ ለየሱቁ ወተትና ዳቦ የሚያደርስ መካከለኛ የጭነት መኪናና አሸዋ የጫነ ባለ ተሳቢ በአንድ መደብ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ይህ ትክክል አይደለም።

ለምን ቢባል፣ መንገድ የሚጎዳው በጎማው ዘንግ ላይ በሚያርፈው ክብደት ነው። ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተደረገ ትልቅ ሙከራ እንደታየው፣ በአንድ ዘንግ ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። የቤት መኪና በአስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ይህን ያዩ አገሮች ሕጋቸውን በዚሁ መንገድ ሠርተዋል። ስዊዘርላንድ ከ2001 ጀምሮ ከ3.5 ቶን በላይ ያለውን የጭነት መኪና በክብደቱ፣ በሄደበት ኪሎ ሜትርና በሚያወጣው ጭስ ታስከፍላለች። ከገንዘቡም ትልቁ ድርሻ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ውሏል። ጀርመን በ2005 ስትጀምር 12 ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑትን፣ ያውም በአውቶባን ላይ ብቻ ነበር። ሾፌሮች ክፍያውን ለመሸሽ በጎን ባሉት መንገዶች ሲሄዱ ታየ። በ2018 ክፍያው በፌዴራል መንገዶች ሁሉ ላይ ሆነ፣ በ2024 ደግሞ ከ3.5 ቶን በላይ ላሉት ወረደ።

የጀርመን ነገር እዚህ በደንብ ሊታሰብበት ይገባል። ከክቪሽ ሼሽ በስተ ምዕራብ መንገድ 4 እና መንገድ 40 ያለ ክፍያ ክፍት ናቸው። አንዱ በነታንያና በሐዴራ፣ ሌላው በገደራ በኩል ያልፋል። በነዚህ ከተሞች ብዙ የማኅበረሰቡ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ከባድ መኪና ክፍያ ሲሸሽ ጫጫታውና ጭሱ የሚመጣው ወደነሱ ነው፤ አደጋውም እንደዚሁ። በአንድ መንገድ ላይ ብቻ ማስከፈል ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

«ታዲያ ዕቃ አይወደድም ወይ?» የሚል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከክፍያው ጥቂቱ ሱቅ መድረሱ አይቀርም። ነገር ግን የተሰበረ መንገድ ዛሬም በነፃ አይጠገንም። ከሕዝብ ግብር ነው የሚጠገነው። መኪና የሌላቸው ጡረተኛ እናት ሱቅ ሄደው በገዙ ቁጥር በሚከፍሉት ግብር ውስጥ የእሳቸውም ድርሻ አለበት።

ከዕቃ ዋጋ ይልቅ የሚያሳስበው በብድር አንድ የጭነት መኪና ገዝቶ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነው። ሂሳቡ የሚመጣው በባለ መኪናው ስም ነው። ትልቅ ኩባንያ ዋጋውን ከደንበኛው ያስመልሳል፤ ብቻውን የሚሠራው ሰው ግን ሥራው እንዳያመልጠው ዝም ብሎ ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ የመንገድ ክፍያ በማጓጓዣ ውሉ ላይ ለብቻው እንዲጻፍና ጭነቱን የላከው ወገን እንዲከፍለው በሕግ መደንገግ አለበት።

የትራንስፖርት ሚኒስቴር ማድረግ ያለበት ግልጽ ነው። ከ4 ቶን በላይ የሚለውን አንድ መደብ በክብደትና በዘንግ ብዛት ይከፋፍል። ለከባድ መኪና በመንገድ 4 እና 40 ላይም ያው ደንብ ይሥራ፣ ገንዘቡም ለመንገድ ጥገና ይዋል። የከተማ ሹሞች ለምርጫ ድምፅ ፍለጋ ወደ ሽማግሌዎች ሲመጡ፣ ከባድ መኪና በሰፈሩ አጠገብ ለምን በነፃ እንደሚያልፍ ይጠየቁ። ዝም ላለ ሰው መንገዱን የሚጠብቅለት የለም።