«ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ»

ሥራ ፈልጎ የማያውቅ ሰው ይህችን መስመር ልብ ላይላት ይችላል። አራት ኪሎ ቦርድ ሥር ቆሞ ማስታወቂያ ያነበበ፣ የሪፖርተርን የረቡዕና የእሑድ እትም የገለጠ ወይም በየቴሌግራሙ የሚጎርፉትን የሥራ ቻናሎች የሚከታተል ግን በቃሉ ይዟታል። የትምህርት ደረጃ፦ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ 5 ዓመት። ብዛት፦ 2። ደመወዝ፦ በስምምነት። ከዚያ ሥር ማንም ሳይደነግጥ የሚያልፋት መስመር ትመጣለች፦ ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ። ሥራው እንግዳ መቀበል ወይም ሽያጭ ከሆነ ደግሞ «ጾታ ሴት፣ መልካም ቁመና ያላት፣ ዕድሜ ከ30 ያልበለጠ» ይላል። 28 ላይ የሚቆርጥም አለ። ሥራ አስኪያጅ ይሁን ሙሽራ የሚፈለገው ለማለት ያስቸግራል።

የዛሬው ጸቤ ከዚህች መስመር ጋር ነው።

መስመሯ ስትታይ ወንዱንም ሴቷንም እኩል የምትመታ ትመስላለች። አትመታም። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በ22 ዓመታቸው አብረው ተመርቀው ሥራ ጀመሩ እንበል። እሱ ሳያቋርጥ ይሠራል። በ38 ዓመቱ የክፍል ኃላፊ ነው፤ ሥራ ቢቀይርም ወይ በሰው በሰው ነው፣ ወይ ማስታወቂያው ላይ ዕድሜ በማይጠየቅበት የኃላፊነት ቦታ ነው። እሷ በ27 ዓመቷ ትወልዳለች። ልጁን የሚይዝ ዘመድ የለም፤ የቤት ሠራተኛዋ በሦስተኛው ወር ሄደች፤ መዋያው ከደመወዟ ግማሹን ይበላል። ሁለተኛው ልጅ ሲመጣ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ሒሳብ ይሠራሉ፤ ሒሳቡም ሁልጊዜ እሷ ትቅር በሚለው ያልቃል። ትንሹ ልጅ ብቻውን ከትምህርት ቤት ተመልሶ ምሳውን አሙቆ መብላት ሲችል እሷ 39 ወይም 40 ዓመቷ ነው። አሁን እጇ ተፈታ። አሁን ትሠራለች፣ ትማራለች፣ ከፈለገችም ሌሊት ታጠናለች። በሩን ስትከፍት መስመሯ ቆማ ትጠብቃታለች።

አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ሒሳብ ሠራተኛ ነበረች፤ ለሦስት ልጆች ብላ አቋረጠች። በ41 ዓመቷ በማታው ክፍለ ጊዜ ተመዝግባ፣ ከልጆቿ ቢበዛ በአምስትና በስድስት ዓመት ከሚበልጡ ተማሪዎች ጋር ተቀምጣ፣ ዲግሪዋን በጥሩ ውጤት ጨረሰች። ፒችትሪውን ለመደች፣ ኤክሴሉን ለመደች። ከዚያ ማስረጃዋን ይዛ ወጣች። የስሙን ነገር የምተወው አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጠ ልጅ ፎርሟን አገላብጦ «እማማ፣ ለልጅዎት ነው?» አላት። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ አልሳቅሁም።

አሁን አሠሪዎችን ልጠይቅ። የ28 ዓመት ሴት ስትመጣባችሁ «ነገ ትወልዳለች» ብላችሁ ትፈራላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃዱን በድምሩ ከ90 ወደ 120 ቀን ካሳደገው ወዲህማ ፍርሃቱ ብሷል፤ በቃለ መጠይቅ ላይ «አግብተሻል? ልጅ አስበሻል?» የሚል ጥያቄ ያልገጠማት ሴት ካለች እሷ ዕድለኛ ናት። መልካም። እንግዲያው ወልዳ የጨረሰችው፣ ልጆቿ ያደጉላት፣ የወሊድ ፈቃድ የማትጠይቃችሁ የ42 ዓመት ሴት ስትመጣ በደስታ መቀበል ነበረባችሁ። እሷን ደግሞ «ዕድሜዋ ገፍቷል» ትሏታላችሁ። ታዲያ ሴት ለሥራ የምትመቸው መቼ ነው? በ28 ትወልዳለች፣ በ42 አርጅታለች። በመካከል የቀረው ጊዜ ስንት ወር ነው?

«አዲስ ነገር ለመልመድ ይከብዳታል» የሚሉም አሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች እድር ድንኳን ገብተው አያውቁም ማለት ነው። ሐዘን ድንገት ይመጣል፤ ማታ ተነግሯት ጠዋት ለ300 ሰው ምሳ የምታደርስ ማን ናት? ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚገባ፣ ማን ድስት እንዳለው፣ የትኛዋ ጎረቤት ከየትኛዋ ጋር እንደተኳረፈችና በአንድ ምድጃ መቀመጥ እንደሌለባቸው በጭንቅላቷ ይዛ፣ ወረቀት ሳትይዝ፣ ሰው ሳይራብ፣ ምግብ ሳይደፋ ታስተናግዳለች። ያቺው ሴት የሃምሳ ሰው ዕቁብ ገንዘብ ትይዛለች፤ አንድ ብር ጎደለ ተብሎ አይታወቅም። ቢሮ ውስጥ ይህን ሥራ ለመሥራት ሎጂስቲክስ የሚባል ክፍል ይከፈትለትና ሦስት ሰው ይቀጠርበታል። ድንኳን ውስጥ ሲሆን «ባልትና» ይባልና ይታለፋል።

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ያውም የእርጅና ገንዘብ። የጡረታ አዋጃችን የጡረታ መውጫውን 60 ዓመት አድርጎታል፤ ወርሃዊ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። በግል ድርጅት ከሆነ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። እንግዲህ ስሌቱን እዩት። ልጅ ለማሳደግ ከማቋረጧ በፊት 6 ዓመት የሠራች ሴት 4 ዓመት ብቻ ነው የሚጎድላት። በ40 ዓመቷ ብትመለስ እስከ 60 ድረስ 20 ዓመት አላት፤ የጎደላት አምስት ጊዜ ይሞላል። መስመሯ ግን በ35 ስለዘጋችባት 60 ስትደርስ የራሷ የምትለው ወርሃዊ አበል የላትም። ባሏ ጡረተኛ ሆኖ ከሞተ የአበሉን ግማሽ ታገኛለች። ከፈታት ደግሞ የባሏን ጡረታ መጠበቅ የለም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር የተፈራ ንብረት እኩል ይካፈል ማለቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ለዚያም የታገሉ ሴቶችን እግዜር ይስጣቸው፣ ነገር ግን በኪራይ ቤት የኖሩ ባልና ሚስት ሲፋቱ የሚካፈሉት አንድ ሶፋና አንድ ፍሪጅ ነው። የ50 ዓመት ሴት ከነግማሽ ሶፋዋ ምን ትበላለች?

«ሕግ አለ፣ ትክሰስ» ለሚሉኝ፦ ሕጉን አይተነዋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ላይ ልዩነት የማይደረግባቸውን ሲዘረዝር ዘርን፣ ጾታን፣ ሃይማኖትን፣ ሀብትን ያነሣና «በሌላ አቋም» ብሎ ይዘጋል፤ ዕድሜን በስሙ አይጠራውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት የማይሆኑትን በአንቀጽ 26 ሲቆጥር ጾታን፣ የጋብቻ ሁኔታን፣ እርግዝናን፣ የቤተሰብ ኃላፊነትን ጭምር ጽፏል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ዕድሜ ግን እዚያም የለም። ስለዚህ አሠሪው በማስታወቂያ ላይ «ሴት አልቀጥርም» ብሎ ለመጻፍ ይፈራል፤ «ከ35 በላይ አልቀጥርም» ለማለት ግን ማንን ይፈራል? የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም የተወካዮች ምክር ቤትም ይህን ክፍተት ለመድፈን የሚያስፈልጋቸው አንድ ቃል ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አነቃቂዎቹ ልምጣ፤ ከአሠሪዎቹ እኩል የሚያናድዱኝ እነሱ ናቸው። «ሕይወት በአርባ ይጀምራል!» «ዕድሜ ቁጥር ነው!» «አንቺ ከወሰንሽ ማንም አያቆምሽም!» ይላሉ፤ መግቢያው ይህን ያህል ብር፣ ቡናና ውኃ ይቀርባል። ከዚያ ደራርቱ ቱሉ ትጠራለች። ደራርቱን ማን ይጠላል? በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ አመጣች፣ ወልዳ ተመልሳ በ1993 ሲድኒ ላይ ደገመችው፣ በ2002 ዓ.ም. በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። በነገራችን ላይ ይህች ሴት ያን ቀን 42 ኪሎ ሜትር ሮጣ ዓለምን ካሸነፈች በኋላ አዲስ አበባ መጥታ ለሽያጭ ሠራተኛነት ብታመለክት ዕድሜዋ አልፏል ተብላ ትመለስ ነበር። ሣህለወርቅ ዘውዴም በ2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሲሆኑ 68 ዓመታቸው ነበር። ለአገር ርዕሰ ብሔርነት 68 ይበቃል፤ ለእንግዳ ተቀባይነት ግን 31 በዝቷል።

ግን እነዚህን ስሞች መጥራት ለአነቃቂው እንጂ ለሴቲቱ አይጠቅማትም። ሴቲቱ ፍላጎት አላጣችም። በ41 ዓመቷ ማታ የምትማር ሴት ምን ያህል ይነቃቃ ነው የምትባለው? በሩ ተቆልፎባት ሳለ «በርቺ» ማለት ጥፋቱን ከቆላፊው አንስቶ በእሷ ላይ መጫን ነው። ሳይሳካላት ሲቀር «አልወሰንኩም ይሆናል» ብላ ራሷን ትወቅሳለች፤ አነቃቂውም ለሁለተኛው ዙር ያስመዘግባታል።

ከዓረብ አገር የተመለሱትንም አትርሷቸው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ከቤሩት፣ ከኩዌት፣ ከሪያድ የመጡት ሌላ ናቸው። ያኔ 25 ዓመቷ የነበረች ልጅ ዛሬ መስመሯን አልፋለች። ወጣትነቷን በሰው ቤት ጨረሰች፣ በላከችው ገንዘብ ወንድሞቿ ተማሩ፣ የወላጆቿ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። ዓረብኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፣ ሕፃንና ሽማግሌ መንከባከብ እንደ ሙያ ታውቃለች። በእኛ ማስታወቂያ ቋንቋ ግን ይህ ሁሉ «የሥራ ልምድ፦ የለም» ነው። በሐሰት ዕድሜዋን ጨምረው የላኳት ደላሎች ደግሞ አሉ፤ ፓስፖርቷ ላይ ከእውነተኛዋ አራት አምስት ዓመት አርጅታ የምትታየዋ ሴት በመስመሯ ሁለት ጊዜ ትመታለች።

ስለ ሰውነትም ማንም ስለማያወራ እኔ ላውራ፤ የሚያፍር ይለፈው። ማረጥ በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ይመጣል። ድንገት ከደረት ተነሥቶ ፊትን የሚለበልብ ሙቀት፣ አንሶላ የሚያርስ የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት ሆድ መባስ። ስሙን ግን የነገራት የለም። ደም ብዛት ይሆናል ብላ ትለካለች፤ ስኳር ይሆናል ብላ ትመረመራለች፤ ምንም የለብሽም ተብላ ትመለሳለች፤ ባሏ «ጸባይሽ ተለወጠ» ይላታል። ቀጣሪ ያጣችው ሴት ብዙ ጊዜ የምትገባበት ሥራ ደግሞ እንጀራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ፊት ቆማ፣ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ እየተነሣ፣ ከውስጧ የሚነሣውም ሙቀት ተጨምሮ ለየሱቁ የምታስረክበውን እንጀራ የምትጋግር የ50 ዓመት ሴት አስቧት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ስለ እርግዝና፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ክትባት በየቤቱ ገብቶ አስተምሯል፤ ብዙ እናት አድኗል። ነገር ግን የመጨረሻው ልጅ የኩፍኝ ክትባቱን ሲጨርስ የእናትየዋና የጤና ጣቢያው ወዳጅነት አብሮ ያልቃል። የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር ቅድመ ምርመራ በዋናነት የታሰበው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው፤ ደቂቃዎች የሚወስድ ምርመራ ነው። እናታችሁን፣ እኅታችሁን፣ ሚስታችሁን ተመርምራ እንደሆነ ጠይቋት።

«ወጣቱ ሥራ አጥቶ እያለ ስለ አሮጊት ታወሪያለሽ?» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያ ሥራ አጥ ወጣት የሚበላው ከማን እጅ ነው? የ24 ዓመት ልጅ ተመርቆ ቤት ሲቀመጥ የታክሲውን፣ የኢንተርኔቱን፣ የፎቶ ኮፒውን ብር የምትሰጠው እናቱ ናት። እሷን ከሥራ አስወጥታችሁ እሱን አላስገባችሁትም። አካላዊ ብቃት የሚጠይቅ ሥራ መኖሩንም አልክድም። እንደዚያ ከሆነ ብቃቱን ጻፉ፤ ይህን ያህል ኪሎ ማንሣት፣ ይህን ያህል ሰዓት መቆም በሉ። ችላ ካለፈች ታልፋለች፣ ካቃታት ትቀራለች። የሒሳብ ሠራተኛ ግን ምን ያነሣል?

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» የሚል ተረት አለን። አሮጊት ሲያጌጡ የሚወረወር ነው። ዛሬ የ40 ዓመት ሴት ስትማርም ይወረወራል፣ መንጃ ፈቃድ ስታወጣም፣ ጠዋት ስትሮጥም፣ ከፈታች በኋላ ስታገባማ አይጣል ነው። የ55 ዓመት ወንድ የ25 ዓመት ልጅ ሲያገባ ተረቱ ወዴት እንደሚሰወር እንጃ።

በዚህ ቻናል ውስጥ የሰው ሀብት ኃላፊዎች፣ የድርጅት ባለቤቶች፣ የሥራ ማስታወቂያ የምታጋሩ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በውስጥ መስመር ትጽፉልኛላችሁ። የምትጠቀሙበት ቅጽ ከአምስት ዓመት በፊት የተሠራ ነው፤ የዕድሜዋን መስመር ማን እንደጨመራት የሚያስታውስ በቢሮአችሁ የለም። የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ሰርዟትና ልቀቁት። ማስታወቂያ የምታጋሩት ደግሞ መስመሯ ያለችበት ሲመጣላችሁ ለአሠሪው አንድ ጥያቄ መልሳችሁ ላኩለት፦ «ይህ ሥራ 36 ዓመት የሞላው ሰው የማይችለው ምን አለበት?» የሚመልስላችሁን እዚህ አምጡልኝ፤ ስሙን ሳልጠራ መልሱን እለጥፈዋለሁ።