አልማዝ ባለጭራን በቅጠል ብቻ አንሸኘው

ሞያሌ ላይ ዕቃ ስናራግፍ ጎናችንን ሲያቃጥለንና ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣብን «ነፍሳት ነክቶኝ ነው» ብለን፣ ቅጠል ለጥፈን መንገዳችንን እንቀጥላለን። አልማዝ ባለጭራ ግን ያው የጉድፍ ቫይረስ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይቆይና የመከላከል አቅም ሲደክም ይነሳል። በአንድ ጎን ብቻ ስለሚወጣ ሐኪም ብዙውን ጊዜ አይቶ ይለየዋል። መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይሻላል፤ ዓይን አካባቢ ከወጣማ ለነገ አይባልም።

እኛ የምንለው፣ ቁስሉ ደረቀ ብሎ መተው አይበቃም ነው። በተለይ በወጣትነት ከወጣ ወይም ከተመላለሰ ኤችአይቪ እንመርመር። የወጣበት ሁሉ ኤችአይቪ አለበት ማለት አይደለም፤ ካለ ግን በጊዜ ማወቁ ዕድሜ ያስቀጥላል። ዕቃ ቆጥረን እንደምንረከብ ሁሉ ለጤናችንም ግማሽ ቀን እንስጥ።