ብዕር ሲጓዝ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ቦታው ጉዱማሌ፣ ቀኑ ጨምበላላ ነው። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፊቼን ለማክበር ከየአቅጣጫው ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ጎርፏል። ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስል ያዩኝ አንድ ጎልማሳ የቡና ነጋዴ አስቆሙኝና፣ “ልጄ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የመጣኸው?” አሉኝ።

“ከየትም አይደለሁም ጋሼ፤ በራሴ ነው።”

“አበሉንስ ማን ይሰጥሃል?”

“ማንም አይሰጠኝም። ጽሑፉን ለጋዜጣ እሸጣለሁ።”

ሰውየው ከእግር እስከ ራሴ ተመልክተውኝ፣ “ታዲያ ምን ልታተርፍ መጣህ?” ብለው ሳቁ።

ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ነውና መልሱም በገበያ ገጽ ላይ ቢወጣ ነውር የለበትም።

ፍሪላንሰር የሚባለው ጸሐፊ የወር ደመወዝ የለውም፤ ጽሑፉን በፍሬ እየቆጠረ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። እንደማንኛውም ነጋዴ ወጪና ገቢ አለው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ፣ የሦስት ሌሊት አልጋው፣ ምግቡ፣ ባጃጁና የስልክ ካርዱ ይደመራል። የዚያ ጉዞዬ ወጪ 100 ነው ብንል ከጋዜጣው የተገኘው ክፍያ 40 ግድም ነበር። ያውም ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ሁለት ወር ተመላልሼ! የሄድኩበት ቀንና የጻፍኩበት ሌሊት በሒሳቡ ውስጥ አልገባም። ዩኒቨርሲቲ እንደተማርነው ከሆነ እንዲህ ያለ ድርጅት በሩን መዝጋት አለበት። በሩ ያልተዘጋው ቀሪውን 60 የሚሞላ ሌላ ወገን ስላለ ነው።

ይኸ ወገን ጋባዡ ነው። በዚያው ምሽት ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ጋዜጠኛ መሆኔን ሰምተው፣ “አልጋውም ራቱም በእኔ ይሁን፤ አንተ ብቻ አሳምረህ ጻፍልን” አሉኝ። ክፍሌ ውስጥ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አልነበረም። ግብዣውን ከተቀበልኩ በኋላ ስለ ውኃው ብጽፍ የበላበትን ወጪት ሰባሪ እባላለሁ። አመስግኜ ከፈልኩ።

ይህን የማወራው ጻድቅ ለመባል አይደለም። ከዚያ በፊት በሌላ ከተማ፣ ኪሴ በነጠፈበት ሳምንት፣ ተመሳሳይ ግብዣ ተቀብያለሁ። ያየሁትን ጉድለት ሁሉ ዘልዬ ስለ አትክልቱ ስፍራና ስለ መስተንግዶው ጻፍኩ። ከወር በኋላ ጽሑፌን አምኖ ቤተሰቡን ይዞ እዚያው የሄደ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ወዳጄ፣ “አንተ የበላኸውን ራት እኔ ከፈልኩልህ” አለኝ። ይህን ያህል አጭርና ትክክለኛ የኦዲት ሪፖርት እስከ ዛሬ አላየሁም።

የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። በነፃ የሚገኝ ጽሑፍ የለም፤ አንባቢው በጋዜጣው ዋጋ ያልከፈለውን በተሳሳተ መረጃ ይከፍለዋል። ጉዱማሌ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ልሥራ የሚል ባለሀብትን እንውሰድ። ይህ ሰው የሐይቁን ውበት የሚያወድስ ጽሑፍ ምንም አይፈይድለትም። ፊቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስሙ እንግዳ ይስባል። ነገር ግን ቀኑን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ተመልክተው የሚያሳውቁት እንጂ በቁርጥ ቀን የሚውል አይደለም። ከሩቅ የሚመጣ ጎብኚ ግን ትኬቱን ቀደም ብሎ ይቆርጣል። ታዲያ አልጋው እንዴት ይያዛል? እንግዳው ከበዓሉ በኋላ ስንት ሌሊት ያድራል? የበዓሉ ምግብ ቡርሳሜ ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራ ነውና በዚያ ሳምንት የቅቤ ዋጋ ምን ይሆናል? ይህን ጠይቆና አጣርቶ ለማቅረብ ቀናት ያስፈልጋሉ፤ ቀናቱም ዋጋ አላቸው። በሆቴሉ ገንዘብ የመጣ ጸሐፊ ስለ ሆቴሉ ባዶ አልጋዎች አይጠይቅም።

የጉዞ ጽሑፍ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ያደረጉትን ጉዞ “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” በሚል መጽሐፍ አውጥተዋል። የሄዱት ግን የመንግሥት መልእክተኛ ሆነው ነው። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ለግሉ ጋዜጣ በር ሲከፍት በራሱ ወጪ ለሚንቀሳቀሰው ጸሐፊም ሜዳው ሰፋለት። አዋጁ የመጻፍ መብት ሰጠው፤ የትራንስፖርቱን ሒሳብ ግን ለገበያው ተወለት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ጸሐፊው ራሱ አንዱን ጉዞ አንድ ጊዜ ብቻ መሸጡን ይተው። በዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ የመጀመሪያው ነው፤ መንገዱ አንዴ ከተከፈለ ሁለተኛው ጽሑፍ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ከአንድ የጉዱማሌ ጉዞ ስለ በዓሉ ለመጽሔት፣ ስለ አልጋ ዋጋ ለንግድ ጋዜጣ፣ ስለ ሐይቁ ዓሣ ለሬዲዮ የሚሆን ሥራ ይወጣል። ፊሊፕ ብሪግስ የተባለው የጉዞ ጸሐፊ የብራድት አሳታሚ የሚያወጣውን የኢትዮጵያ መንገደኞች መምሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር፤ መጽሐፉ እየታደሰ በተደጋጋሚ ታትሟል። አንዴ የለፋበትን መንገድ እንደ ቤት አከራየው እንደማለት ነው።

ቀጥሎ ውል ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአዛዡ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ በስልክ “እሺ” ብሎ የተነሳ ጸሐፊ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሽያጭ ሳያውቀው አስረክቧል። ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም፣ መንገዱን ማን እንደሚችል፣ ጽሑፉ ሌላ ቦታ መሸጥ መቻሉን የሚገልጽ አንድ ገጽ ውል ይበቃል። ያለ ውል ቤት የማያከራይ ሰው ያለ ውል ሊጽፍ አይገባም።

የመጨረሻው ለእናንተ ለባለሀብቶችና ለጋዜጣ ባለቤቶች ነው። ማስታወቂያ የፈለገ ባለ ሆቴል ማስታወቂያ ይግዛ፤ “ማስታወቂያ” ተብሎም ይጻፍበት። ጋዜጣው ደግሞ ዘጋቢ ሲልክ እንደማንኛውም ዕቃ ገዢ ቀብድ ይስጥ። “በወረቀትና በማተሚያ ዋጋ የተጨነቀ ጋዜጣ ከየት ያመጣል?” የሚል አይጠፋም። ጭንቀቱ እውነት ነው። እንደዚያ ከሆነ አሥር ጊዜ በሰው ግብዣ ከመላክ ሁለት ጊዜ በራስ ገንዘብ መላክ ይሻላል። ከአሥሩ ውዳሴ ይልቅ ሁለቱ ዘገባ ለነጋዴ ይጠቅሙታል።

“ምን ልታተርፍ መጣህ?” ላሉኝ የጉዱማሌው ነጋዴ ያን ዕለት ያልመለስኩትን ዛሬ ልመልስ። ጋሼ፣ እርስዎ ቡና ሲገዙ የቀማሽን ቃል ይሰማሉ። ቀማሹ የሻጩን ራት በልቶ በሻጩ አልጋ ማደሩን ቢሰሙ ግን ያንን ቡና በተባለው ዋጋ አይገዙትም። እኔም የመጣሁት ለመቅመስ ነበር። የቀማሹን ዋጋ መክፈል ያለበት ደግሞ ገዢው ነው።