ኪሴ ውስጥ የነበረችው ሰንጢ

  

ካኩማ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ገበያ ወጣሁ። ያኔ ከስዋሂሊ "ጃምቦ" ከምትለዋ ቃል በቀር አንድም አላውቅም። ዕቃውን መሬት ላይ የዘረጋ አንድ ነጋዴ እኔን እያየ "ኪሱ! ኪሱ!" ይላል። እኔ ምን ልበል? ሌባ ኪሴ ገብቷል፣ ሰውየው እያስጠነቀቀኝ ነው ብዬ ሁለት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ዙሪያዬን እገላመጣለሁ። ነጋዴው ግራ ገባው። አብሮኝ የወጣው የብሎካችን ልጅ ሆዱን ይዞ እየሳቀ "ጋሼ፣ ቢላ ግዛ እያለህ ነው እኮ! ኪሱ ማለት በእነሱ ቋንቋ ቢላዋ ነው" አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። ማታ ስተኛ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። በእኔ ልጅነት ኪስና ቢላዋ አንድ ነገር ነበሩና።

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራ ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ከደረሰ ወዲህ በዚያ ሐዲድ ከጅቡቲ ያልመጣ ነገር የለም፤ ጨርቁ፣ ሽቶው፣ ሬዲዮው፣ ብስኩቱ። ፈረንሳይኛውም አብሮ ገብቷል፤ አባቴም እንደ ብዙዎቹ የምድር ባቡር ሰዎች ይሞካክራት ነበር። በ1976 ዓ.ም. አሥር ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ ወዳጁ ከጅቡቲ ያመጣለትን ሰንጢ ለእኔ ሰጠኝ። ሰጠኝ ስል በዋዛ እንዳይመስላችሁ። ራት ተበልቶ፣ እጅ ታጥበን፣ መብራቱ ሥር አስቀምጦ ነው የሰጠኝ።

እጀታዋ የእንጨት ነው፤ መሐሉ ወፈር፣ ጫፉ ቆልመም ያለ። ስትታጠፍ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ስለቷ ላይ ከስሟ ጋር አንድ ምልክት ተቀርጿል፤ ሦስት ጣቶቿን ቀና ያደረገች እጅ፣ ከላይዋ ደግሞ ዘውድ። ዘመኑ የደርግ ነው። አያቴ ዘውዱን ስታይ "ኧረ ይቺን ነገር ቀበሌ እንዳያይብን!" ብላ ነጠላዋን ጣል አደረገችባት። አባቴ እስኪበቃው ሳቀ።

ታሪኳን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ኦፒኔል ትባላለች። ጆሴፍ ኦፒኔል የተባለ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1890 ሳቮይ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራማ አገር ነው የሠራት። መጀመሪያ ለጓደኞቹ፣ ቀጥሎ ለገበሬው፣ ለእረኛው፣ ኋላ ለዓለም። በቁጥር ነው የምትጠራው፤ የእኔዋ ቁጥር 8 ነበረች፣ ስለቷ ስምንት ሳንቲ ሜትር ተኩል። ያቺ እጅ ደግሞ ከሳን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ ዓርማ የመጣች ናት። በአገሩ ትውፊት የመጥምቁ ዮሐንስ ጣቶች ያረፉት በዚያ ከተማ ካቴድራል ነው ይባላል። አያቴ ይህን ሰምታ ቢሆን ኖሮ ትሳለማት ነበር እንጂ ከቀበሌ አትደብቃትም ነበር።

አንገቷ ላይ የምትዞር የብረት ቀለበት አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተጨመረች። ሰንጢዋን ከፍታችሁ ቀለበቷን ጥቂት ስታዞሯት ስለቱ ይቆለፋል፤ እየቆረጣችሁ ጣታችሁ ላይ አይታጠፍም። አባቴ አስቀድሞ ያስተማረኝ መቁረጥ አልነበረም፣ ይቺን ቀለበት ነው። "ክፈት፤ ቆልፍ። ፍታ፤ እጠፍ።" ሃያ ጊዜ ያህል አስደገመኝ።

ከዚያ ሕጉ መጣ። ከፍተህ እንዳትሮጥ። ወደ ራስህ አትቁረጥ። አያቴ የራሷን ጨመረች፦ ስለት እጅ በእጅ አይሰጥም፣ ጠብ ያመጣል፤ እጀታውን ወደ ሰውየው አዙረህ መሬት አስቀምጥለት፣ እሱ ያንሳው። አባቴ በዚህ አልሳቀባትም። ሕጉን የጨረሰው ግን እሱ ነው። "ከሰው ጋር የተጣላህ ቀን ሰንጢ እንዳለህ እርሳ። የዚያን ቀን ካስታወስካት ያንተ አይደለችም፣ እቀበልሃለሁ" አለኝ። በስድስተኛ ክፍል ከአንድ ልጅ ጋር ደቻቱ አሸዋ ላይ ተደባድቤ አፍንጫዬ ደምቶ ቤት ስገባ፣ አባቴ ማን እንደመታኝ እንኳ አልጠየቀም። ኪሴን ዳበሰና ሰንጢዋ ታጥፋ ሲያገኛት "ታጠብና ራት ብላ" አለኝ።

በእሷ ያልሠራሁት የለም። ሸንኮራ አገዳ እልጥባታለሁ። በለስ (እኛ ድሬዎች ቲኒ የምንለውን) እሾሁን ሳትነኩ መላጥ የራሱ ጥበብ አለው። መፋቂያ እቆርጥባታለሁ፣ ለወንጭፍ ባላ፣ ለገና ዱላ እጠርብባታለሁ። እግር ላይ የተሰካ እሾህ ሲኖር የሰፈር ልጅ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል፤ ጫፏን በክብሪት ለብለብ አድርጌ አወጣለሁ። ሐኪም ነበርኩ በሉት። ማንጎ የቆረጥኩባት ቀን ስለቷ ይጠቁራል፤ ብረቷ ካርቦን የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ኮምጣጣ ነገር ያጠቁረዋል፣ እርጥበት ያዝገዋል። ያን ጊዜ በአመድ ፈትጎ፣ ጠርጎ፣ ዘይት መቀባት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ከወርክሾፕ ያመጣው ሞረድ ላይ እንስላታለን። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን መኪና ስንሠራባት ነው። ገላው ከቆርቆሮ፣ ጎማው ካለቀ ነጠላ ጫማ። ሶሉን ክብ አድርጎ መቁረጥ ስል ነገር ይፈልጋል። እህቴ ከእኔ የተሻለ ክብ ትቆርጥ ነበር፤ ለእሷ ግን ሰንጢ የሰጣት ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ የሽንኩርት ቢላ ይዛ የምትውለው እሷ ሆና፣ ስለት የሚታመነው ወንዱ ልጅ ሆነ። ዛሬም በስልክ ስናወራ አልፎ አልፎ ታነሳብኛለች፤ እውነቷን ነው።

ከዚያ ራምቦ መጣ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ነው፤ እኛ ያየነው ግን ከዓመታት በኋላ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ተጨናንቀን ነው። ቢላዋውን የሠራው ጂሚ ላይል የሚባል የአርካንሳስ ሰው ነው። ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። እጀታው ውስጡ ክፍት ሆኖ ክብሪት፣ መርፌና ክር ይይዛል፤ መክደኛው ላይ ኮምፓስ አለ። ራምቦ የገዛ ክንዱን በዚያ መርፌ ሲሰፋ ያየ የእኛ ሰፈር ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ሰንጢን እንደ ሴት አያቱ ዕቃ ነው የቆጠረው። ቀይዋ የስዊስ ሰንጢ እንኳ፣ መቀስና የጥርስ መጎርጎሪያ ያላት፣ ድሮ ለማየት የምንሰለፍላት፣ ረከሰችብን።

አንድ ጓደኛዬ የራምቦውን አምሳያ አገኘ፤ ኮንትሮባንድ የማያመጣው የለም። ሰፈሩ ተሰበሰበ። መክደኛውን ፈታን፤ ሦስት ክብሪት፣ አንድ መርፌ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር ከነመንጠቆው። ዓሣ! ደቻቱ እንኳን ዓሣ፣ ዓመቱን ሙሉ ውሃ መቼ አለውና? ኮምፓሱም ወዴትም ብናዞረው ለገሃርን ነበር የሚያሳየው። ጓደኛዬ ተንጠራርቶ አንድ የግራር ቅርንጫፍ ሲመታበት እጀታው እጁ ላይ ቀረ፣ ስለቱ በርሮ ከታናሽ ወንድሙ እግር አጠገብ አሸዋው ላይ ተሰካ። እጀታው ባዶ ስለሆነ ብረቱ ወደ ውስጥ አልዘለቀም፤ አንገቱ ላይ ብቻ ነበር የተያያዘው። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ሰንጢዬን አውጥቼ ሸንኮራ ላጥንና ተካፍለን በላን።

ያቺ ሰንጢ ሃያ ሁለት ዓመት ኪሴ ውስጥ ኖረች። ከመሳል ብዛት ስለቷ ሳስቶ ነበር። በ1998 ዓ.ም. አገር ጥዬ ስወጣ መንገድ ላይ አንድ ኬላ ፈተሹኝ። ፈታሹ አወጣት፣ ከፈታት፣ ቀለበቷን ነካካት፤ ተቆለፈችበት። "መሣሪያ ነው" አለ፣ ወረሳት። አልተከራከርኩም። ወረቀት የሌለው ሰው በሰንጢ ይከራከራል? ሰውየው ግን ሊያጥፋት ቢል ቢል እምቢ አለችው። ኋላ እያየኝ ወደ እኔ ዘረጋት። እጄን ሰድጄ ቀለበቷን እንዴት እንደሚያዞር አሳየሁት። አጠፋት፣ ኪሱ ከተታት። እኔም አለፍኩ።

እዚህ ደግሞ ቱርካናዎቹን አየሁ። በዕድሜ ገፋ ያሉ አባት በእጃቸው አንጓ ላይ እንደ አምባር ክብ ስለት አጥልቀው፣ ጠርዙን በቆዳ ሸፍነውት ይሄዳሉ። አንድ ቀን ፍየል ተራ አጠገብ ቆሜ ሳይ፣ አንድ ሽማግሌ ቆዳውን ገፈፍ አደረጉና ሥጋቸውን በልተው፣ ጠርገው፣ መልሰው አለበሱት። ስለቱ ለጠብም ሲውል የኖረ ነው፤ ይህን አልደብቅም። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ቆዳው ላይ ነው። አባቴ ሃያ ጊዜ ያስደገመኝን ቀለበት መሰለኝ።

ይህን ሁሉ ያስቀባጠረኝ ወዲህ ነው። ባለፈው ወር ከልጄ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ካምፕ የተወለደ። መምህሩ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር አስቀመጠልኝ፤ ድንጋይ ላይ የተሳለ ቁራጭ ብረት፣ እጀታው በጨርቅና በላስቲክ የተጠቀለለ። ከደብተሩ መሐል ነው ያገኘው። መምህሩ አልተቆጣም፤ የፈራ ሰው ፊት ነበር። ለምን እንደፈራ የእኛ ብሎክ ሰው ያውቃል። ባለፈው ዓመት ሁለት ወጣቶች በትንሽ ነገር ተጣልተው አንደኛው በስለት ተጎድቷል፤ እጁ እስከ ዛሬ በደንብ አይታጠፍለትም። ከዚያ ወዲህ ልጅ ስለት እንዳይዝ ሽማግሌዎቹ ተነጋግረዋል፣ እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ።

እውነቱን ልናገር። ብረቱን ሳነሳ አስቀድሜ ያየሁት አሳሳሉን ነው። ጥሩ ተስሏል። በራሴ አፈርኩ።

ቤት ስንደርስ እናቱ "ሽንት ቤት ክተተው!" አለች። ልጁ አንድም ቃል አልመለሰ። አልጋው ሥር ገብቶ ከዘይት ቆርቆሮ የሠራውን መኪና አወጣ። ሦስት ጎማ አለው፤ ከነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጡ። ባለቤቴ ጎማዎቹን አየች፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትፈልገው የከረመችው የአንድ እግር ነጠላ ጫማዋ ቀለም ነው። ሳቋ መጣ፣ ግን ዋጠችው።

ብረቱን መልሰው አልሰጡንም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ትምህርት ቤት ይዞ መግባቱ ጥፋት ነው፣ መምህሩም ልክ ነው፤ ለልጄ ይህንኑ ነግሬዋለሁ። ነጥቄ ዝም ብል ግን ነገ ሌላ ብረት ፈልጎ፣ እኔ ሳላይ፣ ድንጋይ ላይ ይስላል። ስለዚህ ከዚያ መሬት ላይ ከሚዘረጉት ነጋዴዎች ከአንዱ ትንሽ ኪሱ ገዛሁ። ሳጥኔ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ቅዳሜ አጠገቤ ተቀምጦ ይቆርጥበታል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ታናሽ እህቱም ተራዋን ትጠብቃለች። ባለቤቴ አልተስማማችም። "አንድ ጣቱ ቢጎድል አንተን ነው የምጠይቀው" ብላኛለች።

መጀመሪያ ቅዳሜ በራፋችን ላይ ነበር የተቀመጥነው። የዚያ የተጎዳው ልጅ እናት በአጥራችን በኩል አለፉ። ልጄን አዩት፣ እጁ ላይ ያለውንም አዩ። እንደ ወትሯቸው "እንደምን ዋላችሁ" አላሉንም፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሄዱ። እኔም ተነስቼ ልከተላቸው አልኩና ምን ብዬ? ለእሳቸው የሚሆን መልስ የለኝም። ከዚያ ወዲህ የምንሠራው ቤት ውስጥ ነው፤ ብርሃኑ ባይበቃም በመስኮቱ በኩል ትንሽ ይገባል።

አራተኛዋን ጎማ ባለፈው ቅዳሜ ቆረጠ። ሞላላ ሆና ነው የወጣችው፤ መኪናዋ ስትሄድ ታነክሳለች። ሲጨርስ ቢላውን እጀታውን ወደ እኔ አዙሮ መሬት ላይ አስቀመጠልኝ። ግን ዶልዱሟል፣ ድንጋዬም አሸዋማ ነው። ሞረድ ያላችሁ ጎረቤቶች ለአንድ ቀን ብታውሱኝ ማታውኑ እመልሳለሁ።

ቸር ሰንብቱ።