የታመመውንና የሰከረውን ለይቶ ስለ ማወቅ

ሕግ የተሠራው የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ መሆኑን የማያውቅ የለም። ሕግ አስከባሪም የሚሾመው የተጻፈው ቃል በወረቀት ላይ እንዳይቀር፣ በመንገድና በአደባባይ ሕዝቡን እንዲጠብቅ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ሁለት ግዴታዎች በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ ተገናኝተው የሕግ አስከባሪውን ልብ ያስጨንቁታል። ከእነዚህም አንዱ፣ መኪናውን እያንገዳገደ ሲነዳ የተገኘ ሰው ሰክሮ እንደ ሆነ ወይም ታሞ እንደ ሆነ በመንገድ ዳር ቆሞ መለየት ነው። ይህ ነገር ትንሽ ቢመስልም የሰው ሕይወት የሚድንበት ወይም የሚጠፋበት ስለ ሆነ፣ ባለሥልጣኖችና ካህናት እንዲያስቡበት ዛሬ ልንጽፍበት ወደድን።

ነገሩን ከጉለሌ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎጃም የሚመጣው ታላቁ መንገድ በሱሉልታ አልፎ የእንጦጦን ተራራ ከተሻገረ በኋላ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ከተማው ይወርዳል። ጭነት የያዘው ከባድ መኪና በዚህ ቁልቁለት ሲመጣ የነጂው ዓይንና እጅ ለአንድ አፍታ እንኳ ቢሰንፍ ጥፋቱ ከእርሱ አልፎ በመንገደኛው ላይ ይደርሳል። በሽሮ ሜዳ በኩልም ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ጠበሉ የሚወጣው ምእመን፣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች ሁሉ በዚያው ዳገት ይመላለሳሉ። ደግሞም በዚሁ በጉለሌ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል። እንግዲህ አደጋውና ሐኪሙ በአንድ ሰፈር ተቀምጠዋል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል የቆመው ሰው ግን የትራፊክ ፖሊስ ነው።

አስቀድመን ስለ ስካር እንናገር። መኪና በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ፣ ጠጅና አረቄ ጠጥቶ መንዳት ከቀድሞው በበቅሎ ሰክሮ ከመሄድ የተለየ ክፉ ነገር ሆኗል። በቅሎ ጌታዋ ቢሰክር መንገዷን ታውቃለች፤ መኪና ግን ከነጂው በቀር አእምሮ የላትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543፣ በመጠጥ ወይም በሚያደነዝዝ ነገር ራሱን ከኃላፊነት ውጭ አድርጎ በቸልተኛነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጓል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208ም ጠጥቶ መንዳትን ከልክሏል። የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያም በከተማችን በሥራ ላይ ውሏል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። በሰካራም ነጂ ላይ ሕጉ እንዲላላ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ በሰካራም ነጂ ልጁ የሞተበትን አባት ሄዶ ይጠይቅ።

ነገር ግን የሚንገዳገድ ሁሉ ሰካራም አይደለም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ ይልቁንም ኢንሱሊን ወስዶ ሳይበላ የዋለ እንደ ሆነ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች ይወርድና ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ አልፎም ይቆጣል፣ ይማታል። የስኳሩ መጠን እጅግ ሲበዛበት ደግሞ ትንፋሹ የበሰለ ፍሬ የሚመስል ሽታ ስለሚያመጣ፣ ያላወቀ ሰው የመጠጥ ሽታ ነው ብሎ ይፈርድበታል። በአንጎሉ ውስጥ ደም የረጋበት ወይም የፈሰሰበት ሰው ፊቱ በአንድ ወገን ይጣመማል፣ አንድ እጁ ይዝላል፣ ንግግሩ ይንተባተባል። የሚጥል በሽታ ያለበትም ሰው ከወደቀበት ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ የሚናገረውንና የሚያደርገውን አያውቅም። በግጭት ራሱን የተመታ ሰውም እንዲሁ ነው። እነዚህ ሁሉ ከሩቅ ለሚያያቸው አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ እርሱም የስካር መልክ ነው።

በዚህ ነገር የቅዱሳት መጻሕፍት አንባቢ የሆነ ሰው የሚያስታውሰው ታሪክ አለ። ሐና በሴሎ በእግዚአብሔር ፊት በልቧ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ካህኑ ዔሊም ይህን አይቶ የሰከረች መሰለውና ገሠጻት። እርስዋ ግን መጠጥ እንዳልቀመሰች፣ ልቧ በኀዘን እንደ ተጨነቀ ነገረችው። ዔሊ በዚያን ጊዜ በፍርዱ አልጸናም፤ ሰማት፣ አመናት፣ ባረካትም። ከእርስዋም ነቢዩ ሳሙኤል ተወለደ። እንግዲህ ብዙ ዘመን በክህነት የኖረ ሽማግሌ በቀን ብርሃን፣ በመቅደስ ውስጥ፣ በቅርብ ሆኖ እያየ ኀዘንን ከስካር መለየት ካቃተው፣ በሌሊት ዝናብ እየመታው በአዲሱ ገበያ መንገድ የቆመ ወጣት ፖሊስ በዓይን ብቻ ይለያል ብሎ ማሰብ እንዴት ይቻላል? የዔሊ ደግነት ያልተሳሳተ መሆኑ አይደለም፤ ጠይቆ መስማቱ ነው።

ሕመምተኛው ሰካራም ተብሎ ወደ ማረፊያ ክፍል ቢገባ የሚደርስበትን ማሰብ ያስፈልጋል። ስኳሩ የወረደበት ሰው ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ተበጥብጦለት ሊድን ሲችል፣ እስኪነጋ ይተኛ ተብሎ ቢተው አንጎሉ ይጎዳል ወይም ይሞታል። ደም በአንጎሉ ለረጋበት ሰው የሚሰጠው የረጋውን ደም የሚያቀልጥ መድኃኒት የሚጠቅመው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሲሰጥ ነው፤ የማረፊያ ክፍል አንድ ሌሊት ግን ከዚህ ይረዝማል። ደግሞም በእውነት የጠጣ ሰው አይታመምም ያለ ማን ነው? ጠጅ የሸተተው ነጂ በዚያው ሌሊት ራሱን ተመትቶ ሊሆን ይችላል። መጠጡም ብቻውን ከመጠን ሲያልፍ ትንፋሽን አዝሎ ይገድላል፤ በጀርባው የተኛ ሰካራም በትውከቱ ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ የመጠጥ ሽታ መገኘቱ የምርመራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ መሆን አይገባውም።

ምናልባት፣ ይህ ትእዛዝ የወጣ እንደ ሆነ ሰካራም ሁሉ አሞኛል እያለ ከሕግ ያመልጣል የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው መጠርጠሩ አይከፋም፤ ነገር ግን ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። አሞኛል ያለው ሰው የሚወሰደው ወደ ቤቱ አይደለም፤ ወደ ሐኪም ነው። በሐኪም ቤትም ሕግ በሚፈቅደው ሥርዓት የሚቀዳው ደሙ እውነቱን ይናገራል። አልኮል ከሰው ደም የሚወጣው ቀስ በቀስ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚቀንሰው በ100 ሚሊ ሊትር ደም 0.015 ግራም ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ የተያዘበት ሰዓትና ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ተጽፎ ከተገኘ ዋሽቶ ሐኪም ቤት የሄደ ሰካራም ምንም አያተርፍም። ማስረጃ ለአንድ ሰዓት ቢዘገይ ዳኛው በሒሳብ ያገኘዋል፤ የወጣች ነፍስን ግን የሚመልስ ዳኛ የለም። ስለዚህ አስቀድሞ ነፍስ፣ ቀጥሎ ክስ መሆን አለበት ስንል ለሕጉ ከመቈርቈር እንጂ ሕጉን ከመናቅ አይደለም።

ይህ በሥራ እንዲገለጥ ለፖሊስ ግልጽ የሆነ ቅደም ተከተል ሊሰጠው ይገባል። በመጀመሪያ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ማቆምና ቁልፉን መያዝ ነው፤ ነጂው ሰካራም ቢሆን ወይም በሽተኛ በዚያ ሰዓት መንዳት አይገባውምና። ሁለተኛ በትሕትና መጠየቅ ነው፤ ሕመም አለብዎን፣ መድኃኒት ይወስዳሉን፣ መቼ በሉ ብሎ። ሦስተኛ ፊቱን፣ እጁንና ንግግሩን ማየት፣ በኪሱም የሕመም ወረቀት ወይም መድኃኒት እንዳለ ፈቃዱን ጠይቆ መመልከት ነው። አራተኛ የትንፋሽ መለኪያውን መጠቀም ነው። መለኪያው ምንም መጠጥ ካላሳየና ሰውየው ግን ከተደናገረ፣ ይህ ሰው በሽተኛ ነው ብሎ መቁጠር ግዴታ ይሁን። አምስተኛ፣ ራሱን ለሳተ ሰው ምንም ነገር በአፉ ሳይጨምሩ በጎኑ አስተኝቶ ትንፋሹን እየጠበቁ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ወይም የእሳትና ድንገተኛ አደጋን በ939 መጥራት ነው። በመጨረሻም የታየውና የተደረገው ሁሉ ከነሰዓቱ ይጻፍ።

ለእያንዳንዱ የምሽት ጓድም ከትንፋሽ መለኪያው ጋር የደም ስኳር መለኪያ ቢታደል እጅግ ጥሩ ይሆናል። ይህ መሣሪያ በመዳፍ የሚያዝ ነው፤ ከጣት ጫፍ በተወሰደ አንዲት ጠብታ ደም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይመልሳል። በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሆኖ የተገኘ ሰው ሐኪም እንጂ እስር ቤት እንደማያስፈልገው ለማወቅ ረጅም ትምህርት አይጠይቅም። አጠቃቀሙን ለማሠልጠን ደግሞ የጳውሎስ ሆስፒታልና በእርሱ ሥር የሚተዳደረው አቤት የተባለው የድንገተኛ አደጋ ሆስፒታል ባለሙያዎች ለከተማው ፖሊስ ቅርብ ናቸው።

የሐኪም ቤቶችም ድርሻ አለባቸው። ፖሊስ ያመጣውን ሰው፣ ወረቀቱ ይቅደም፣ ገንዘቡን ማን ይከፍላል እያሉ በደጅ ማቆየት ከማሰር አይሻልም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 575፣ ሕይወቱ በአደጋ ላይ ያለችን ሰው መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወ እንዲቀጣ ያዛል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 21፣ የታሰረ ሰው ከዘመዶቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪዎቹ፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር እንዲገናኝ መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ የጎደለን ሕግ አይደለም፤ የተጻፈው በሌሊት በሰባት ሰዓት በመንገድ ዳር ሥራ ላይ የሚውልበት ሥርዓት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ምጥ የያዛትን ሴት ወይም ትንፋሽ ያጠረውን ሽማግሌ ጭኖ ከእንጦጦ ወደ ጳውሎስ የሚፈጥን ነጂ በፖሊስ ሊቆም ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የታርጋ ቁጥሩና ስሙ ተመዝግቦ፣ ቢቻል ፖሊሱ ራሱ መንገድ እያስለቀቀ ቢያደርሰው፣ ሕግም አይጣስ ነፍስም አትጠፋ። እውነት ካልሆነ በሐኪም ቤቱ ደጅ ይታወቃል፤ ቅጣቱም በማግሥቱ ይደርሳል።

ለካህናት የምንለው ጥቂት ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በጾም እንደማታስገድድ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ነገር ግን ብዙ ምእመን በሕመሙ እያፈረ፣ ኢንሱሊኑን ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ መኪና ይነዳል። የነፍስ አባት ለንስሐ ልጁ፣ ሐኪምህን ጠይቅ፣ ሳትበላም አትንዳ ቢለው ቃሉ ከአሥር ደንብ ይልቅ ይሰማል። የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት እንደማይጠቅም፣ ሕመምተኛውንም መንካት በሽታ እንደማያመጣ በዐውደ ምሕረት ቢነገር፣ በመንገድ ላይ ወድቆ የሚቀር ሰው ይቀንሳል። በሠርግና በማኅበር ቀን ደግሞ የጠጣ ሰው ቁልፉን ላልጠጣ ወንድሙ እንዲሰጥ ማስተማር የእረኝነት ሥራ ነው።

ነጂዎችም በበኩላቸው ሕመማቸውን የሚገልጽ ወረቀት በመንጃ ፈቃዳቸው ውስጥ ቢያኖሩ ለራሳቸው ጠበቃ ያቆማሉ፤ ጥቂት ስኳርም ከመኪናቸው አይጥፋ።

ሰው ከሞተ በኋላ የሚቀርበው ማሳበቢያ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። የከተማው ፖሊስና የጤና ባለሥልጣኖች በአንድ ገበታ ተቀምጠው ይህን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽፈው ለየጣቢያው ቢያስተላልፉ፣ ሥራው ከጉለሌ ተጀምሮ ለሌላው ክፍለ ከተማ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ሰካራሙ ፍርድ ቤቱን፣ ሕመምተኛውም ሐኪሙን ያግኝ፤ ሁለቱም በአንድነት የሆነበት ደግሞ መጀመሪያ ሐኪሙን፣ ከዚያ ፍርድ ቤቱን ያግኝ። ፍትሕ ማለት ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ነውና።