ዜሮ መሙላት ጥገና አይደለም

“አሥር እስኪሞላ ከፊቱ ዜሮ ሙሉበት፤ አለቀ!” የአቅራቢዎች ዝርዝር ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲሱ ሲዛወር፣ 9 እና 8 አሃዝ ብቻ ያላቸው ቲን ቁጥሮች ተገኝተው ምን ይደረግ ሲባል አንድ ኃላፊ የሰጡት መልስ ይህ ነበር። ማንም አልተከራከረም። ኤልፓድ የምትባለው ትእዛዝ ኩዌሪው ውስጥ ገባች፤ አምዱ ተስተካከለ፤ ሪፖርቱ አማረ፤ ሥራው ተጠናቀቀ ተባለ። እኔ ግን ያ ቀን ዳታው የተበላሸበት ቀን ነው እላለሁ።

ቲን ቁጥር 10 አሃዝ ነው። 9 ሆኖ ሲገኝ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል። ወይ በዜሮ የሚጀምረው ቁጥር በኤክሴል ሲከፈት፣ አለዚያም የሒሳብ ቁጥር ብቻ በሚቀበል አምድ ውስጥ ሲገባ የፊቱ ዜሮ ወድቋል፤ ወይ ደግሞ መዝጋቢው ከመሃል አንድ አሃዝ ዘሏል። ኤልፓድ እነዚህን ሁለቱን አትለይም። የመጀመሪያውን ታድነዋለች፤ ሁለተኛውን ግን 10 አሃዝ የሞላ፣ ከእውነተኛው የማይለይ ሐሰተኛ ቁጥር ታደርገዋለች። ስህተቱን የሚያጋልጥ አንድ ምልክት ብቻ ነበረን፤ እሱም የቁጥሩ ማጠር ነው። ያንን ምልክት በገዛ እጃችን አጠፋነው። ነገ ኦዲተር መጥቶ ርዝመቱን ቢፈትሽ ምን ያገኛል? ሁሉም 10፣ ሁሉም እኩል!

ብዙዎች ደግሞ ኤልፓድ መጨመር እንጂ መቁረጥ የማታውቅ ይመስላቸዋል። ትቆርጣለች። በፖስትግሬስም፣ በማይኤስኪውኤልም፣ በኦራክልም ጽሑፉ ከተፈቀደለት ርዝመት ከበለጠ በቀኝ በኩል ያለውን ትርፍ ትጥላለች። የስህተት መልእክት የለም፤ ማስጠንቀቂያም የለም።

ስልክ ቁጥርን እንይ። አንዱ ደንበኛ በ09 ጀምሮ 10 አሃዝ አስመዝግቧል፤ ሌላው ዜሮዋን ትቶ 9፤ ሦስተኛው በ2519 ጀምሮ 12። ሁሉንም 10 እናድርጋቸው ተብሎ ኤልፓድ ሲታዘዝ ሁለተኛው ይስተካከላል፤ ሦስተኛው ግን የመጨረሻዎቹን 2 አሃዞች ያጣል። በእነዚያ በ2ቱ አሃዞች ብቻ የሚለያዩ እስከ 100 ሰዎች አንድ ቁጥር ይዘው ይቀራሉ። ውጤቱ በአሮጌው አምድ ላይ ተጽፎ ዋናው ከጠፋ፣ የትኛው የማን እንደነበር ከዚያ ቴብል ውስጥ ፈልጎ የሚያወጣ ባለሙያ የለም። ኤልፓድ በሌለባቸው የኤስኪውኤል ሰርቨር ስሪቶች ደግሞ የተለመደው ዘዴ ዜሮዎችን ከፊት ቀጥሎ ከቀኝ 10 መውሰድ ነው፤ ይህኛው የሚቆርጠው ከግራ ነው። ስለዚህ ያው ደንበኛ በአንዱ ዳታቤዝ በ2519፣ በሌላው በ19 የሚጀምር ቁጥር ይኖረዋል። ሁለቱም 10 አሃዝ ናቸው፤ ሁለቱም ግን የእሱ ስልክ አይደሉም።

ከሁሉ የከፋው ሁለት ቴብሎችን በዚህ ዘዴ ማገናኘት ነው። ተራው ኢንዴክስ ከጥቅም ውጭ ሆኖ ኩዌሪው ይዘገያል፤ እሱ ቀላሉ ችግር ነው። ከባዱ፣ አሃዝ የጎደለበትና ዜሮ የተሞላበት ቁጥር ከሌላ አቅራቢ እውነተኛ ቁጥር ጋር ከገጠመ፣ የአንዱ ክፍያ በሌላው ስም መመዝገቡ ነው። ሲስተሙ ምንም አላጠፋም፤ አገናኝ ተባለ፣ አገናኘ። ያጠፋው ያዘዘው ሰው ነው።

“ቀነ ገደብ ነበረብን” ይሉናል። ቀነ ገደብ ሐሰተኛ ቁጥር ለመፍጠር ፈቃድ አይሰጥም። ለባንክ በሚላክ፣ የእያንዳንዱ መስክ ስፋት አስቀድሞ በተወሰነ ፋይል ላይ ዜሮ መሙላት ተገቢ ነው፤ ሪፖርት ሲታተም እንዲያምር መሙላትም እንዲሁ። እዚያ ኤልፓድ የምትነካው የሚታየውን እንጂ የተቀመጠውን አይደለም። የማይደመርና የማይባዛ መለያ ግን ከመነሻው በጽሑፍነት ይቀመጥ፤ ርዝመቱም መግቢያው ላይ ይፈተሽ። ማይኤስኪውኤል ራሱ ከ8.0.16 ስሪት፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን የፍተሻ ገደብ ያስከብራል፤ ሌሎቹማ ከዚያ በፊትም ያስከብሩ ነበር። ስለዚህ መሣሪያው አልነበረንም ማለት አይቻልም።

ያጠሩትና የረዘሙት ተለይተው ይውጡ፤ የምዝገባ ወረቀታቸው ይታይ፤ ባለቤቶቹ ይጠየቁ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግን ሌላ መንገድ የለም፤ የጎደለው አሃዝ ያለው ወረቀቱ ላይና ባለቤቱ ዘንድ እንጂ ኩዌሪው ውስጥ አይደለም። አዲሱ ሲስተም ክፍያ መፈጸም ከጀመረ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ስህተት ደረሰኝና ደብዳቤ እየወለደ ይሄዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ “ዜሮ ሙሉበት” የሚል ኃላፊ ከዛሬ ጀምሮ ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጥ፤ ከሥሩም ይፈርምበት።