ዘጠኝ ሺህ ድርሃም ስንት ነው?

የመርካቶ ነጋዴ ዱባይን የሚያውቃት በካርቶን ነው። ዴይራ ወርዶ ሦስት አራት ቀን ይዞራል፣ ይከራከራል፣ ያስጭናል፣ ይመለሳል። የካርጎውን ዋጋ በኪሎ፣ የሆቴሉን በአዳር ይነግራችኋል። የአንድ መኝታ ቤት የዓመት ኪራይ ስንት ነው? የ1ኛ ክፍል ተማሪ ስንት ይከፍላል? ብትሉት ግን ዝም ይላል። ምን ገዶት! የሄደው ሊገዛ እንጂ ሊኖር አይደለም።

በኛ ቤት ግን የመኖር ጥያቄ መጣ። ታላቅ እህቴ የሒሳብ መምህርት ናት፤ 14 ዓመት አስተምራለች። ባለቤቷ መርካቶ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው። የ9 ዓመት ሴትና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አሏቸው። ባለፈው ሚያዝያ ዱባይ ከሚገኝ አንድ የግል ት/ቤት በወር 9 ሺህ ድርሃም የሚል የሥራ ውል መጣላት። ቤተሰብ ተሰበሰበ። "አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል" ተብዬ ካልኩሌተሩ ለኔ ተሰጠ። የዛሬው ጽሑፍ ያ ካልኩሌተር ስላስተማረኝ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሁላችንም የሠራነው ነው። ደመወዙን በብር አባዛነው። ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በ3.6725 ሒሳብ ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ነው። ስለዚህ 9 ሺህ ድርሃም 2,450 ዶላር ገደማ ይሆናል። የምንዛሪ ገበያው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ 140 ሺህ ብር ያህል ነበር። ዛሬ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ እዚያ ከደመወዝ ግብር አይቆረጥም፤ እዚህ ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው የወር ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ይህን ሲሰማ ቤቱ በእልልታ ተሞላ። አንድ አጎታችንማ "ታዲያ ቤቱን መቼ ነው የምትሸጡት?" እስከማለት ደረሱ።

ነገር ግን እህቴ ዱባይ ላይ ዳቦ የምትገዛው በብር አይደለም። የምታገኘውም የምታወጣውም በድርሃም ነው። በብር መባዛት ያለበት ደመወዙ ሳይሆን ከደመወዙ የተረፈው ነው። ካልተረፈ የሚባዛ ነገር የለም፤ ዜሮ በማንኛውም ምንዛሪ ዜሮ ነው።

እንግዲህ የተረፈውን እንፈልግ። የውሉ ወረቀት ሲገለጥ 9 ሺው አንድ ቁጥር አልነበረም። 5,400 መነሻ ደመወዝ፣ 2,700 የቤት አበል፣ 900 የመጓጓዣ ነው። ከልጆቹ አንደኛው በነፃ፣ ሁለተኛው በግማሽ ክፍያ ይማራል ይላል። የዓመቱ ገቢ 108 ሺህ ድርሃም ነው። ወጪውን እዚያ ከሚኖሩ ወዳጆች ጠይቀን ገመትነው። ለአንድ መኝታ አሮጌ ቤት በዓመት 60 ሺህ ያዝን። በዱባይ የኪራዩ 5 በመቶ ለማዘጋጃ ቤት በመብራትና ውኃ ቢል ላይ ታክሎ ይሰበሰባል፤ 3 ሺህ። ምግብ በወር 2 ሺህ፣ በዓመት 24 ሺህ። መጓጓዣና ስልክ 6 ሺህ። መብራትና ውኃ 4,800። የሁለተኛው ልጅ ግማሽ ክፍያ 9 ሺህ። ድምሩ 106,800 መጣ። የተረፈው በዓመት 1,200 ድርሃም ነው። በዶላር 327! አራት ሰው አገር ለቆ ሲመለስ ይዞ የሚመጣው የአንድ ማቀዝቀዣ ዋጋ ነው ማለት ነው። ልብስና ሕክምና ገና አልተነሱም።

የመጀመሪያው ዓመትማ ጭራሽ ኪሳራ ነው። እዚያም ደላላ አለ፤ የተለመደው ኮሚሽን የዓመቱ ኪራይ 5 በመቶ ነው። ለአከራዩ መያዣ፣ ለመብራትና ውኃ ደግሞ 2 ሺህ ድርሃም መያዣ ይጠየቃል። ኪራዩም እንደኛ በየወሩ አይደለም፤ ቀኑ ወደፊት በሆነ ቼክ በአንድ፣ በሁለት ወይም በአራት ጊዜ ይከፈላል። አዲስ የሄደ መምህር የመጀመሪያ ደመወዙን ሳይቀበል 15 እና 20 ሺህ ድርሃም በእጁ ሊኖረው ይገባል። ይህን ከየት ያመጣል? ከዕቁብ፣ ከዘመድ፣ ወይም ከሱቁ ካፒታል።

አሁን እዚያው ውል ላይ አንድ መስመር ብቻ እንለውጥ። ት/ቤቱ የ2,700 የቤት አበሉን ያስቀርና ቤቱን ራሱ ይስጥ። የእጅ ገንዘቡ ወደ 6,300 ይወርዳል፤ በዓመት 75,600። ኪራዩና የማዘጋጃ ቤቱ ክፍያ ግን ይቀራሉ። ከሌላው ወጪ በኋላ 31,800 ድርሃም፣ ማለትም 8,650 ዶላር ገደማ ይተርፋል። ሁለቱም ልጆች በነፃ ቢማሩ 40,800 ይሆናል። ደመወዙ በ30 በመቶ የቀነሰው ውል ከትልቁ ውል ከ26 ጊዜ በላይ አተረፈ! አሃዞቹ የኛ ግምት ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። ሕጉ ግን አይለወጥም። ለላጤ መምህር ዋጋው ደመወዙ ነው፤ ለባለትዳር ዋጋው ቤቱና የልጆቹ ት/ቤት ነው።

በስብሰባው ላይ "ሳዑዲ ይሻላል" ያለም ነበር። ይቻላል። እዚያም የደመወዝ ግብር የለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በወር 100 ሪያል ሆኖ የተጀመረው የጥገኛ ቤተሰብ ክፍያ በየዓመቱ እያደገ በ2020 በነፍስ ወከፍ 400 ሪያል ደርሷል። ባልና ሁለት ልጆች ማለት በዓመት 14,400 ሪያል ነው። የተጨማሪ እሴት ታክሱም በዚያው በ2020 ከ5 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህን ማን ይከፍላል? የሚለው በውሉ ላይ ካልተጻፈ የሚከፍለው መምህሩ ነው።

ከገንዘቡ ሌላ ሦስት ነገር ከውሉ ላይ ፈልጉ።

አንደኛው የሙከራ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የኤምሬትስ የሥራ ሕግ የሙከራ ጊዜ እስከ 6 ወር ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ አሠሪው በ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። ልጆቹን ከት/ቤት አስወጥቶ፣ ሱቁን አስረክቦ ለሄደ ሰው 14 ቀን ምን ያህል አጭር እንደሆነች አስቡት።

ሁለተኛው የአገልግሎት ክፍያ ነው። አንድ ዓመት ከሞላ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን ደመወዝ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ የ30 ቀን። የሚሰላው ግን በመነሻ ደመወዙ ላይ ነው። ስለዚህ የእህቴ በ9 ሺህ ሳይሆን በ5,400 ይሰላል፤ በዓመት 3,780 ድርሃም ነው። መነሻውን ዝቅ፣ አበሉን ከፍ ያደረገ ውል ሲታይ ያምራል፤ ሲወጡ ነው የሚቆጨው። እዚህ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጣው ጡረታ እንደሚቋረጥም አትርሱ።

ሦስተኛው የጤና መድን ነው። በዱባይ አሠሪው የሠራተኛውን መድን መሸፈን ግዴታው ነው። የባልና የልጆች መድን ግን በውሉ ላይ ካልገባ ቤተሰቡን ያስመጣው ሰው ዕዳ ነው።

ለደላሎች አንባቢዎቻችን ደግሞ አንድ ቃል። በዚያው ሕግ አሠሪው የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው መውሰድ አይፈቀድለትም። "ለመምህርነት ቪዛ ይህን ያህል አምጡ" የሚል ሰው ከመጣባችሁ፣ ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ እናንተን አውቋችኋል። መምህር የሚከፍለው ለሰነዶቹ ነው። ዲግሪው፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቱ እዚህ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲው ማኅተም ማለፍ አለበት። ይህ ሳያልቅ የሥራ መልቀቂያ አታስገቡ።

አሁን ወደ ሱቁ እንምጣ፤ የገበያ ገጽ ላይ ነን ያለነው። አማቼ መጀመሪያ ያሰበው ሱቁን ለሌላ አስተላልፎ አብሮ መሄድ ነበር። "ጋሼ፣ የምትሸጠው ምንድን ነው?" አልኩት። ዕቃው ይሸጣል። የቦታው ቁልፍ ይሸጣል። ከክፍለ ሀገር በስልክ "ላክልኝ" የሚሉት፣ ያለ ወረቀት ዱቤ የሚሰጧቸው፣ የሚሰጡትም ደንበኞች ግን አይሸጡም። እነሱ የ12 ዓመት ሥራ ናቸው፤ ከ3 ዓመት በኋላ ተመልሶ ቢመጣ አይጠብቁትም። ዱባይ ላይ ደግሞ በሚስቱ ቪዛ የሚኖር ሰው የሥራ ፈቃድ ካላገኘ መሥራት አይችልም። ማለትም አንድ ደመወዝ ለማግኘት አንድ ገቢ ይዘጋል። ይህ ወጪ በውሉ ላይ አይታይም፤ ግን ከኪራዩ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ነው።

ስለዚህ ምክሬን ሰጠሁ። ሱቁ አይሸጥ፤ ታናሽ ወንድሙ ይያዘው። ውክልናው ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ አይሁን። ቤቱም ይከራይ እንጂ አይሸጥ። እህቴ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻዋን ትሂድ። ክፍል ብትጋራ የደመወዟን ግማሽ ያህል ትቆጥባለች፤ ሙከራዋንም ትጨርሳለች። ሒሳቡ ንጹሕ ነበር። አጎታችን እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እህቴ ግን ካልኩሌተሩን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። "የሰው ልጅ ለማስተማር የኔን ልጆች ትቼ ልሂድ? አንተ ይህን በምን አባዛኸው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። የተማርነው ኢኮኖሚክስ ለመለያየት ዋጋ የሚሰጥበት መስመር የለውም፤ ዋጋ ስላልተሰጠው ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም። አረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን ይህን ዋጋ ለብዙ ዓመታት ከፍለውታል፤ ከእኛ የሚላከውን ገንዘብ የቆጠረ እንጂ ያንን የቆጠረ የለም።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡን እንደ አዲስ ጀመርን፤ በዚህ ጊዜ ከልጆቹ ተነስተን። ቤተሰቡ አብሮ ይኖራል ብለን ከጀመርን ውሉ ምን ማለት አለበት? ለት/ቤቱ ደብዳቤ ጻፈች። የደመወዝ ጭማሪ አልጠየቀችም። የጠየቀችው በአበሉ ፈንታ ቤት፣ የሁለቱን ልጆች ትምህርትና የቤተሰቡን መድን ነው። የልብ ልብ የሰጣት አንድ ነገር ነው፦ ጥሩ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር የትም አገር በቀላሉ አይገኝም፤ ት/ቤቱም ክፍሉን ሳይሞላ ነሐሴ እንዲደርስበት አይፈልግም። በ10 ቀን ውስጥ መልስ መጣ። ቤቱን ሰጡ፤ መድኑን ሰጡ፤ የሁለተኛው ልጅ ክፍያ ግን በግማሹ ጸና። የ31,800ው ውል ማለት ነው።

ውሉ ተፈርሟል። የዚያ አገር ትምህርት በሚጀምርበት በነሐሴ መጨረሻ እሷ ቀድማ ትሄዳለች። የመኖሪያ ፈቃዷ ሲወጣና ቤቱን ስትረከብ፣ ለገና ልጆቹ ይከተላሉ። ያን ጊዜ ሙከራዋ ሊያልቅ ሁለት ወር ገደማ ይቀረዋል፤ እኔ "ይለቅ" አልኩ፣ እሷ "አይሆንም" አለች፣ እሷ አሸነፈች። አማቼ ልጆቹን አድርሶ፣ ትንሽ ሰንብቶ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ለዕቃ ዴይራ በሚወርድ ቁጥር የሚያድረው ሆቴል ሳይሆን ቤቱ ነው። መለያየቱ ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ከልጆቹ ላይ ወደ አባት ተላልፎ ነው የቀለለው። የ9 ዓመቷ ልጅ ዓረብኛ መማር ግዴታዋ ነው፤ ፊደሏን እንዳትረሳ ደግሞ አያቷ ከአሁኑ ሁለት የአማርኛ መጽሐፍ ገዝተው አስቀምጠዋል።

እንግዲህ ከናንተም መካከል እንዲህ ያለ ውል እጁ የገባ፣ ወይም ሚስቱ እጅ የገባባት አንባቢ ይኖራል። ከላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር በጣታችሁ ሸፍኑት። ቤቱ የማነው? ልጆቹ የት ይማራሉ? እዚህ የሚዘጋው በር የትኛው ነው? ብላችሁ ከታች ጀምራችሁ አንብቡ። ሦስቱ ከተመለሱ በኋላ ጣታችሁን አንሱ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ሺህ ድርሃም ስንት እንደሆነ ይታያችኋል።

መልካም ሳምንት።